ከሞተር አደጋ በኋላ፦ እንዴት ታገግማለህ? መቼስ መንዳት ትችላለህ?

«ጀሶው ወጣልኝ። አሁን ሞተር መንዳት እችላለሁ?»

ጎንደር ውስጥ በፊዚዮቴራፒ ሥራ ለምንውል ሰዎች ይህ ጥያቄ ቁርስ ነው። እኔ ራሴም ሞተር ስለምነዳ ይመስለኛል ጠያቂዬ በዝቷል። አንዱ በስልክ፣ አንዱ ፒያሳ ላይ አስቁሞኝ፣ ሌላው ገና ክራንቹን ሳይጥል ይጠይቀኛል። ለየብቻ ከማስረዳ አንድ ቦታ ልጻፈው።

አጭሩ መልስ ይኸው። ህመም ጠፋ ማለት አጥንት ጠነከረ ማለት አይደለም። ህመሙ ቀድሞ ይሄዳል፤ አጥንቱ ገና ይቀረዋል። አዲስ የተለሰነ ሲሚንቶ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ እንደሚሆነው ነው። ስለዚህ «አያመኝም» የሚለውን መለኪያ ከወዲሁ እርሳው።

ይህ መመሪያ ሐኪም ያየው ሰው የሚጠቀምበት ነው። ወድቀህ እስካሁን ካልታየህ ንባቡን ተወውና ሂድ። ሐኪምህ ከዚህ የተለየ ነገር ካዘዘህም የእሱን ስማ፤ ራጅህን ያየው እሱ ነው። «አንተ» እያልኩ የምጽፈው እንዲቀለኝ ነው እንጂ ሞተር የሚነዱ እህቶቼንም ይመለከታል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ራጅህ፣ የሐኪም ወረቀትህና ደረሰኞችህ፣ ሁሉም በአንድ ፌስታል
- ክራንች፣ ጫፉ ላይ ያለው ጎማ ያላለቀ
- 2 ወይም 3 ትራስ
- ጠንካራ ወንበር
- ረጅም ሻሽ ወይም አሮጌ ነጠላ
- ከካልሲ የተሠራ ኳስ
- የሰውነት ሚዛን፣ ለጥቂት ቀን በውሰት
- ደብተርና እስክሪብቶ
- ወደ መንዳት የምትመለስ ከሆነ አዲስ ሄልሜት፣ ጓንት፣ ወፍራም ጃኬት፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ

ስለ ወንበሩ አንድ ነገር ልጨምር። የተጎዳው እግርህ ወይም ዳሌህ ከሆነ ቁጢጥ የሚያስብል ሽንት ቤት አይሆንህም። አናጺ ጠርተህ የአንዱን ወንበር መቀመጫ መሐሉን ያስቀድድልህ፤ ከሽንት ቤቱ ቀዳዳ በላይ ይቀመጣል። ሰው ስለሚያፍር አይጠይቅም፤ ከዚያ ሽንት ቤት ውስጥ ዳግም ይወድቃል።

ማስጠንቀቂያ፦ እነዚህን ካየህ ነገ አትበል

- ህመሙ በመድኃኒት የማይበርድ፣ የእግር ወይም የእጅ ጣትህን ሌላ ሰው ቀስ ብሎ ሲዘረጋው የሚብስ ከሆነ
- ጣቶችህ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ
- ከጀሶው ውስጥ መጥፎ ሽታ ከመጣ፣ ከቁስሉ መግል ከወጣ፣ ወይም ትኩሳት ከያዘህ
- ባትህ አብጦ ከጋለ፣ ወይም ድንገት ትንፋሽ አጥሮህ ደረትህን ከወጋህ። እግር ውስጥ የረጋ ደም ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል።
- ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ደጋግሞ ካስመለሰህ፣ ሰው ሲቀሰቅስህ በቀላሉ ካልነቃህ፣ ንግግርህ ከተዘበራረቀ
- ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ካቃተህ ወይም እግሮችህ ከሰነፉ

እነዚህ ሰዓት የሚያስቆጥሩ ምልክቶች ናቸው። ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሂድ።

1. ወረቀትህን አንድ ቦታ አድርግ

የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት፣ የሕክምና ማስረጃ፣ የመድኃኒት ደረሰኝ። የኢንሹራንስ ጉዳይ ሲመጣ የሚጠየቁት እነዚህ ናቸው። ልብ በል፣ የሶስተኛ ወገን ኢንሹራንስ የሚከፍለው አንተ ለጎዳኸው ሰው ነው። የራስህን ስብራትና የራስህን ሞተር አይሸፍንም። ሌላ ተሽከርካሪ ከሆነ የገጨህ ግን ሶስተኛ ወገን አንተ ነህና ሪፖርቱ ላይ የዚያን ታርጋ ቁጥር አረጋግጥ።

2. የመጀመሪያዎቹን ቀናት እብጠት በመቀነስ አሳልፍ

የተጎዳውን እግር ወይም እጅ ከልብህ ከፍ አድርገህ አሳርፍ። ከልብ ከፍ ማለት ተኝተህ እግርህ ትራስ ላይ ሲሆን ነው። ወንበር ላይ ተቀምጠህ እግርህን በርጩማ ላይ ብትሰቅል ከልብህ በታች ነው፤ አይቆጠርም። የመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ቀናት እብጠቱ የሚበረታበት ጊዜ ነው። ጀሶ ደግሞ አይለጠጥም። ውስጡ ሲያብጥ መሄጃ ያጣና ደም ስሩን ይጫናል።

በቀን ብዙ ጊዜ ይህን ሞክር። የአውራ ጣትህን ጥፍር ተጫንና ልቀቀው። ነጭ ይሆናል፤ ከዚያ 2 ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ቀለሙ መመለስ አለበት። ካልተመለሰ ከላይ ያለውን ማስጠንቀቂያ አንብብ። ጣቶችህንም በየሰዓቱ አንቀሳቅስ፤ ደም ወደ ላይ የሚመልሰው የጡንቻው መኮማተር ነው።

ጀሶው አይረጠብ። ከረጠበ ከሰል አጠገብ አታድርቀው፤ ጀሶው ይግላል፣ ቆዳህ ይቃጠላል፣ አንተም ዘግይተህ ነው የምታውቀው። ወደ ሐኪም ተመልሰህ ይቀየርልህ። ሲያሳክክህ የሹራብ መርፌ ወይም እስክሪብቶ አትክተት። ውስጥ የምትፈጥራት ትንሽ ጭረት ሳትታይ ትመግላለች።

ፀበል የምትሄድ ከሆነ መጠጣቱ ምንም አይደል። መጠመቁን ግን ቁስሉ እስኪደርቅና ጀሶው እስኪወጣ ቆየው። ካህኑን ብትነግራቸው ይረዱሃል።

የጎድን አጥንት ከሆነ የተጎዳው ጀሶ የለውም፤ ሥራው መተንፈስ ነው። ትራስ ደረትህ ላይ አቅፈህ በየሰዓቱ 10 ጊዜ በጥልቀት ተንፍስ፣ ትንሽም ሳል። ህመሙን ፈርቶ በአጭሩ የሚተነፍስ ሰው ሳንባው ይታፈንና የሳንባ ምች ይይዘዋል። ደረትን በጨርቅ ጥብቅ አድርጎ ማሰርም ያው ነው።

3. የታሰረውን አታስፈታ፣ የተሰበረውን አታሳሽ

እዚህ ላይ ረዘም እላለሁ። ብዙ እግር የሚጠፋው እዚህ ነው።

ሰው ከሆስፒታል እንደወጣ ቤቱ በጠያቂ ይሞላል። ጠያቂ ደግሞ ባዶ እጁን አይመጣም። ሙዝ ይዞ ይመጣል፣ ምክርም ይዞ ይመጣል። «እኔ የማውቀው ወጌሻ አለ፣ በሳምንት አቁሞ ነው የሚያስኬድህ።» እናቶች በተለይ ልባቸው አይችልም። «ልጄ፣ ጀሶውን ፈታ አድርገን ብናሳየው ምን ይለዋል?» ብለው ይጠይቁኛል።

«እማማ፣ የሚለውማ አለ» እላለሁ።

ወጌሻ ስብራትን በቀርከሃ ወይም በእንጨት ያስራል። ማሰሩ ሳይሆን አጥብቆ ማሰሩ ነው ችግሩ። ትኩስ ስብራት ያብጣል። ማሰሪያው አይላላም። ጡንቻው ደም ያጣል። ደም ያጣ ጡንቻ በሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል። መጀመሪያ ከባድ ህመም ይኖራል። ቀጥሎ ህመሙ ይጠፋና ሁሉም «ተመስገን፣ ተሻለው» ይላል። ህመሙ የጠፋው ግን ነርቩ ስለሞተ ነው። ከዚያ በኋላ ሆስፒታል ሲመጣ የሚቀረው ምርጫ ብዙ ጊዜ መቁረጥ ነው። ይህ በአገራችን ሆስፒታሎች በደንብ የታወቀ ነገር ነው፤ የብዙ ልጆችም እጅ በዚህ መንገድ ሄዷል።

ማሸትም ሌላ ጣጣ አለው። ክርን ላይ የደረሰ ጉዳት ሲታሽ ጡንቻው ውስጥ አጥንት ሊበቅል ይችላል፤ ከዚያ ክርኑ አይታጠፍም አይዘረጋም። ፍሪሲዮን የሚይዝ እጅ ደግሞ ክርኑ ካልታጠፈ ዋጋ የለውም። ባት ውስጥ የረጋ ደም ካለም ማሸት ነቅሎ ሊልከው ይችላል።

ወጌሻውን ማዋረድ አያስፈልግም፤ ሰፈር ያከበረው ሰው ነው። ቤተሰብ ከጠራው ይምጣ፣ ይቀመጥ፣ ቡና ይጠጣ፣ ይመርቅህ። ማሰሪያውን ግን እንዳይነካ አስቀድመህ አንድ ተሟጋች ሰው መድብ፤ ታላቅ እህት ለዚህ ሥራ ትመቻለች። አንተ ታመህ ተኝተህ ከሽማግሌ ጋር ስትከራከር ትሸነፋለህ።

4. መድኃኒቱንና ምግቡን አስተካክል

ዳይክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን በባዶ ሆድ አይዋጡም፤ ጨጓራ ይልጣሉ። ጾም ይዘህ እስከ 9 ሰዓት የምትቆይ ከሆነ የጠዋቱን ክኒን በባዶ ሆድ መዋጥህ ነው። የንስሐ አባትህን አማክር፤ ለታመመ ሰው ፈቃድ አለ። ጨጓራ ወይም ኩላሊት የሚያምህ ከሆነ ለሐኪሙ ሳትነግር እነዚህን አትጀምር። ፓራሲታሞል 500 ሚሊ ግራም በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ አይበልጥም። ፀረ ተሕዋስያን ከታዘዘልህ ቁስሉ ቢደርቅም ጨርሰው፤ በተለይ አጥንትህ ቆዳ በስቶ የወጣ ከነበረ። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት መወጋትህንም ጠይቅ፤ አስፋልት ላይ የተላጠ ቆዳ አፈር ይዟል።

አጥንት የሚጠገነው በፕሮቲንና በካልሲየም ነው። እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ። በጾም ደግሞ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ሰሊጥ፤ የጤፍ እንጀራም ጥሩ ካልሲየም አለው። የአጥንት ሾርባ ሁሉም ያመጣልሃል። ጠጣው፣ ይጣፍጣል፤ ግን ካልሲየሙ ትንሽ ነው፣ በእሱ ብቻ አትተማመን። አብሽም እንዲሁ። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ሙቅ። ሲጋራ ግን አቁም፤ አጥንት መግጠሙን እንደሚያዘገይ በግልጽ የታወቀ ነው።

5. ሐኪም የፈቀደውን እንቅስቃሴ ዛሬ ጀምር

ተኝቶ የሚጠብቅ ሰው አጥንቱ ይገጥምና መገጣጠሚያው ይቆለፋል። ጡንቻም ሳይሠራ ሲቀር በሳምንታት ይከሳል፤ ጀሶ ሲወጣ ቀጭን እግር የምታየው ለዚህ ነው።

ለእግር፦ ቁርጭምጭሚትህ ነፃ ከሆነ ወደ ላይና ወደ ታች 20 ጊዜ አንቀሳቅስ። ጉልበትህ ስር የተጠቀለለ ፎጣ አድርገህ ወደ ታች ተጫነው፣ 5 ሰከንድ ያዝ፣ ልቀቅ፤ 10 ጊዜ። ጀሶው ከወጣ በኋላ ነጠላውን በእግርህ መዳፍ ዙሪያ አድርገህ ሁለቱን ጫፍ ወደ ራስህ ሳብ። ይህ ባትህን ያፍታታል፣ በኋላ እግርህን አንስተህ ፍሬኑ ላይ ለማድረግ የምትፈልገው መታጠፍ እሱ ነው።

ለእጅ፦ የካልሲውን ኳስ ጨምቅ፤ ጣቶችህን አንድ በአንድ ከአውራ ጣትህ ጋር አገናኝ። ትከሻህን አትርሳ። እጁ በአንገት ታስሮ የቆየ ሰው የእጅ አንጓው ድኖ ትከሻው ደርቆ ይመጣል።

በቀን 3 ጊዜ። ትንሽ መወጠር ደህና ነው። በማግስቱ የሚያሳብጥህ ከሆነ በዝቷል፤ በግማሽ ቀንስ። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የፊዚዮቴራፒ ክፍል አለ፤ ሪፈር ጠይቅ። አንድ ጊዜ መጥተህ ትክክለኛውን አሠራር ብታይ እንኳ ቤትህ ስትሠራው ልዩነት አለው።

6. ክራንቹን ልክ አድርገህ ያዝ

ቀጥ ብለህ ስትቆም በብብትህና በክራንቹ መካከል 2 ወይም 3 ጣት መግባት አለበት። ክብደትህ እጅህ ላይ እንጂ ብብትህ ላይ አይረፍ፤ ብብት ውስጥ ያለው ነርቭ ሲጫን እጅ ይሰንፋል። ደረጃ ስትወጣ ደህናው እግር ይቅደም፣ ስትወርድ ክራንቹና የተጎዳው ይቅደሙ።

የጎንደር መንገድ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት። ኮብልስቶን ላይ የክራንቹ ጫፍ በሁለት ድንጋይ መካከል ያለው ስንጥቅ ውስጥ ይሰነቀርና ሲነቅሉት ሚዛን ያስታል። ስለዚህ እያየህ የድንጋዩ መሐል ላይ አሳርፈው። ክረምት ላይ ድንጋዩ ሙልጭ ያለ ነው፤ የጫፉ ጎማ ጥርሱ ካለቀ አትውጣ።

ሐኪሙ «ግማሽ ክብደት እርገጥ» ይልሃል። ግማሽ ስንት ነው? እዚህ ጋ ነው ሚዛኑ የሚመጣው። የተጎዳውን እግር ሚዛን ላይ፣ ደህናውን እኩል ከፍታ ያለው ጣውላ ላይ አድርግ። ክራንቹን ይዘህ፣ የታዘዘልህ 20 ኪሎ ከሆነ 20 እስኪል ተጫን። ደጋግመህ እግርህ ይልመደው። ቤት ሚዛን ከሌለ መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡት ልጆች አሉ፤ ከአንዱ ጋር ተስማማ።

ለግምት ያህል፦ ከአንገት ስር ወደ ትከሻ የሚሄደው አጥንት ከ6 እስከ 12 ሳምንት፣ የእጅ አንጓ ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ የቅልጥምና የጭን አጥንት ከ3 እስከ 6 ወር ይፈልጋል። ይህ እስኪገጥም ድረስ ነው። እስኪጠነክር ገና ይጨመርበታል። ብረት የገባለት ሰው «ብረት ስላለኝ ጠንካራ ነኝ» ይላል፤ ብረቱ አጥንቱ እስኪገጥም የሚይዝ ነው፣ ካልገጠመ ራሱ ብረቱ ይሰበራል።

7. ጭንቅላትህን ለብቻው ተከታተል

ራስህን ስተህ ከነበር ወይም አደጋውን የማታስታውስ ከሆነ አጥንትህ ባይነካም ተጎድተሃል። ራስ ምታት፣ መፍዘዝ፣ ብርሃንና ድምፅ መጥላት፣ መርሳት እስኪጠፉና ሐኪም እስኪፈቅድ ድረስ ሞተር አይታሰብም። አንጎል ሳይድን ሁለተኛ ምት ካገኘው ከመጀመሪያው የከፋ ነው። አልኮል በዚህ ጊዜ ጨርሶ ይቅር፤ ጠላም አልኮል ነው።

ሌላው ጉዳት አይታይም። የሞተር ድምፅ ስትሰማ ልብህ ይመታል፣ ሌሊት ትባንናለህ፣ አደጋው የደረሰበትን መንገድ ዞረህ ታልፋለህ። መጀመሪያ ላይ ያለ ነው። ከአንድ ወር በላይ ከቀጠለ ወይም ሥራና እንቅልፍ ከነሳህ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሂድ። ይህ በሽታ መድኃኒትም ምክርም አለው፤ ወኔ ማጣት አይደለም።

8. ውሳኔውን ወረቀት ላይ አድርገው

ተኝተህ ሳለህ አትወስን። ህመም ላይ ያለ ሰው «ሁለተኛ አልነዳም» ይላል፤ የተሻለው ሰው ደግሞ «ምንም አይደል» ይላል። እናት «ሽጠው» ትላለች፤ ጓደኛ «ምን ሆንክ፣ ፈራህ እንዴ?» ይላል። ሁሉም የየራሱን ስሜት ነው የሚነግርህ። ያለ ክራንች መሄድ ስትጀምር ደብተሩን አውጣ።

መጀመሪያ አደጋው እንዴት እንደደረሰ ጻፍ፤ ማን አጠፋ ሳይሆን ምን ምን ተገጣጠመ። ፍጥነት፣ ጨለማ፣ እርጥብ መንገድ፣ ድካም፣ መጠጥ፣ ያረጀ ጎማ፣ ድንገት የቆመ ባጃጅ፣ አስፋልት ላይ የገባ አህያ። ከእያንዳንዱ ጎን «ይህን ነገ መቀየር እችላለሁ?» ብለህ መልስ። ባጃጁን መቀየር አትችልም፤ ከኋላው የምትተወውን ርቀት ግን ትችላለህ። ለየትኛውም መልስ ካላገኘህና በዚያው መንገድ በየቀኑ ማለፍ ግድህ ከሆነ፣ ወረቀቱ መልሱን ሰጥቶሃል።

ቀጥሎ ሂሳቡን ሥራ። በወር ለታክሲና ለባጃጅ ምን ያህል ትከፍላለህ? ለነዳጅ፣ ለጎማ፣ ለጋራዥስ? ሥራ ሳትሠራ የተኛህባቸውን ወራት ከሞተሩ ወጪ ላይ ደምር፤ ብዙ ሰው ይህን ይዘላል። ሞተር እንጀራህ ከሆነ፣ ገጠር ቀበሌ የምትዞር ባለሙያ ከሆንክ፣ መሥሪያ ቤትህን ለጥቂት ወራት ሌላ ምደባ ጠይቅ። የሐኪም ወረቀት ይዘህ ስትጠይቅ ይደመጣል።

ውሳኔው መንዳት ወይም መተው ብቻ አይደለም። ለብዙ ሰው የሚሻለው ገደብ ያለው መመለስ ነው ባይ ነኝ፤ በቀን ብቻ፣ በደረቅ መንገድ፣ ሰው ሳያፈናጥጡ። ጭንቅላቱን ሁለት ጊዜ ለተመታ ሰው ግን ምክሬ አንድ ነው፤ ተወው።

9. ሰውነትህን ፈትን

ከዚህ በፊት ሐኪሙ በራጅ አይቶ አጥንቱ መግጠሙን ይንገርህ። ከዚያ እነዚህን ሁሉ እለፍ። ቁጥሮቹ እኔ በሥራዬ የምጠቀምባቸው ናቸው።

- በተጎዳው እግር ብቻ 30 ሰከንድ ቁም። ትራፊክ ውስጥ ድንገት ስትቆም ሞተሩን የሚደግፈው አንድ እግር ነው።
- 10 ጊዜ ቁጢጥ ብለህ ሳትደገፍ ተነስ።
- ፍሪሲዮኑን በግራ እጅህ፣ የፊት ፍሬኑን በቀኝ እጅህ 50 ጊዜ ጨምቅ። እጅህ ከተንቀጠቀጠ ገና ነህ።
- የኋላ ፍሬኑን በቀኝ እግርህ 20 ጊዜ በፍጥነት ርገጥ፤ በግራ ማርሽ ወደ ላይና ወደ ታች ቀይር።
- አንገትህን ብቻ አዙረህ በሁለቱም ትከሻህ በኩል ወደ ኋላ እይ።
- ሞተሩን ሳታስነሳ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዘንብለህ መልሰው፤ ሰው አጠገብህ ይቁም። ብዙዎቹ 125 እና 150 ሲሲ ሞተሮች ከ100 ኪሎ በላይ ናቸው።
- ላለፉት 24 ሰዓታት ትራማዶል ወይም የሚያስተኛ መድኃኒት አልወሰድክም።

አንዷ ከቀረች አልደረስክም። ሁለት ሳምንት ጨምርና ድገም።

10. ሞተሩንና ሄልሜቱን አስፈትሽ

የወደቀ ሞተር ቀጥ ብሎ ቆመ ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም። መካኒኩ መሪው ከፊት ጎማ ጋር ቀጥ ማለቱን፣ የፊት አሞርዛተሩ አለመታጠፉን፣ ቸርኬው ሲሽከረከር አለመወላገዱን፣ የፍሬን መያዣው አለመሰንጠቁን ይይልህ። ፍሬቻ፣ መብራትና ስፖኪዮም። በቀለም የተሸፈነ ብየዳ ካየህ ጠይቅ።

ሄልሜቱ አስፋልት ከነካ አበቃለት። ውስጡ ያለው ፎም አንዴ ተጨፍልቆ ነው ያዳነህ፤ አይመለስም፣ ላዩ ግን ደህና ይመስላል። ለሌላ ሰው አትስጠው፣ ሰባብረህ ጣለው። አዲሱን ስትገዛ አገጭህ ስር አስረህ ከኋላ ወደ ፊት ግፋው፤ ከወለቀ አይሆንህም።

11. በደረጃ ተመለስ

ሀ. ንጋት ላይ ባዶ ሜዳ። ጓደኛ ይዘህ ሂድ። ከ15 ደቂቃ አትበልጥ። ተነስ፣ ቁም፣ ተነስ፣ ቁም። ከዚያ በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሁለቱንም ፍሬን አንድ ላይ ይዘህ ቀጥ ብለህ መቆም ተለማመድ። የፈራ ሰው የኋላውን ብቻ ይረግጣል፤ በደረቅ መንገድ ግን ዋናው የማቆም ኃይል የፊተኛው ነው።

ለ. የሰፈር መንገድ፣ በቀን፣ በደረቅ።

ሐ. ዳገትና ቁልቁለት። ወደ ጎሃ ሆቴል የሚያወጣው መንገድ ዳገት ላይ መነሳትን ያስተምራል። ስትወርድ በዝቅተኛ ማርሽ ውረድ። ነዳጅ ለመቆጠብ ፎሌ (ማርሹን ነፃ) አድርጎ መንሸራተት የተለመደ ነው፤ ያኔ ሞተሩ በማርሽ አይይዝህም፣ ፍሬኑ ብቻውን ይግላል፣ ይደክማል።

መ. ትራፊክ። ከፒያሳ ወደ አዘዞ የሚወስደውን የመሰለ መንገድ፣ ሰው ባልበዛበት ሰዓት። ከባጃጅ ኋላ አትለጠፍ፤ ተሳፋሪ እጁን ባነሳበት ይቆማል።

ሠ. እርጥብ ኮብልስቶን፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ መንዳት፣ ሰው ማፈናጠጥ። እነዚህ የመጨረሻዎቹ ናቸው፤ ባይመለሱም ግድ የለም። ጥር 10 እና 11 ከተማው በሕዝብ ስለሚሞላ በእግርህ ውጣ።

እጅህ በላብ ከራሰ ወይም ሰውነትህ በፍርሃት ከደረቀ ወደ ቀደመው ደረጃ ተመለስ።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

- ጀሶ በወጣ ማግስት መንዳት። ያን ቀን አጥንቱ ገና ነው፣ መገጣጠሚያው ደርቋል፣ ጡንቻው ከስቷል።
- «ጀርባ ብቻ ልፈናጠጥ» ማለት። ስትወድቅ ነጂም ተፈናጣጭም እኩል ነው የሚወድቀው።
- የቀጠሮ ራጅ መቅረት፣ ስለማያም ብቻ።
- ክራንች አንዱን ጥሎ በአንዱ መሄድ፣ ያውም በተጎዳው እግር በኩል ይዞ። አንድ ክራንች የሚያዘው በደህናው በኩል ነው።
- ህመም ማስታገሻ ውጦ ፈተናውን ማለፍ። ያለፈው ክኒኑ ነው።

ለመተው ከወሰንክ

ስትሸጥ የስም ዝውውሩን ጨርስ። በውክልና ብቻ ሰጥተህ ሊብሬው በስምህ ከቀረ፣ ገዢው ሰው ቢገጭ በሕግ የሚጠየቀው ባለንብረት አንተ ነህ። ቁልፉን የምታስረክበው ስሙ ከዞረ በኋላ ይሁን። ሞተሩ አደጋ እንደደረሰበትም ለገዢው ንገረው፣ ምኑ እንደተቀየረም አሳየው።